ወባ ያልነው ሞት

ሰኞ

ጀማልን ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፤ የሞት ምክንያት፦ ወባ። ከሱ በላይ ያለውም ወባ ነው። ከሱ በታች ያለውም።

የሞት መዝገቡን የሰጠችኝ ሲስተር መሠረት ናት፤ የጤና ጣቢያው ነርስ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ እዚህ ቆቦ ከተመደበች ዓመታት አልፈዋል። ሐሙስ ከአዲስ አበባ የምክር ቤት ኮሚቴ ይመጣል። በመርፌና በሱስ ለተጎዱ ሰዎች የሚሰጠውን ሕክምና እየዞረ እየመረመረ ነው። የኛንም ስድስት ቁጥር ያያል። «ጋሽ ሐሰን፣ እርስዎ የጋዜጣ ሰው ነዎት። ሁለት ገጽ ጨምቀው ይጻፉልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጡረታ ወጥቼ እናቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ እስክሪብቶዬን የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ስድስት ቁጥር በጤና ጣቢያው ጓሮ በኩል ያለች አንዲት ክፍል ናት። በጦርነቱ የቆሰለ ብዙ ሰው በማስታገሻ መርፌ ከረመ። ቁስሉ ዳነ፣ መርፌው ግን አልለቀቀውም። አንዱን መርፌ ለሦስት ለአራት እስከ መጋራት ደረሱ። ስድስት ቁጥር ንጹሕ መርፌ ይሰጣል፣ ያገለገለውን በቢጫው ሣጥን ይቀበላል፣ የመገለ ክንድ ያጥባል፤ ለመተው ለቆረጠ ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን፣ ቀስ እያለ የሚቀንስ ኪኒን ሲስተር ፊት ያስውጣል። የጀመረው የእርዳታ ድርጅት ጥሎት ሄዷል። ኮሚቴው ይቀጥል ካለ በጀት ያገኛል። ካላለ ይዘጋል።

መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። በመርፌ የሞተ የሚል አንድም መስመር የለም።

ለምን እንደሌለ አውቃለሁ። ጀማል የሞተ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሲስተር መዝገቡን ዘርግታ ቀና ብላ አየችኝ። ታናሽ ወንድሜ አልጋው ላይ ነው። ክንዱን በጋቢው ሸፍኜዋለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «ወባ በይው» አልኩ።

በኛ ቆላ ወባ የማያሳፍር ሞት ነው። ያልገባበት ቤት የለም፤ ማንም ለምን አይልም። ለቀብር የመጣው ሁሉ «ወባ ክፉ ነው» እያለ አጽናናን። እኛም አሜን አልን።

ብቻዬን የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤተሰብ ሁሉ እንደኔው ብሏታል።

ማክሰኞ

የኮሚቴው ባለሙያ ቀድሞ ደርሷል። ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚጽፍ። ሲስተር ስለ ስድስት ቁጥር ስታስረዳው በጥሞና ሰማት። ከዚያ መዝገቡን አየ።

«ሲስተር፣ በዚህ መሠረት እናንተ ዘንድ በመርፌ የሞተ ሰው የለም።»

«የለም» አለች፤ ድምጿ እንደ ተማሪ ድምፅ አነሰ።

«ታዲያ ለማይገድል ነገር አንድ ክፍል፣ አንዲት ነርስ? እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። መረጃ ከሌለው ሪፖርት ላይ አይገባም።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አለሁ። ሲስተር አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ስወጣ ኡስማን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። ከጎብዬ ቆቦ የሚመላለስ ነው፤ ከጀማል ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ከባድ መሣሪያ የቆሰለ። ጀማል ዳሌውን፣ እሱ ግራ እግሩን። ለመተው የቆረጠው ጀማል ከሞተ በኋላ ነው። ኪኒኑ ከጀመረበት ግማሽ ወርዷል። መርፌ ከነካ ስምንት ወሩ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ? ጀግና ነህ አሉኝ?»

«መዝገብ ላይ የለህም አሉ።»

«እሰይ! ፖሊስም እንዲሁ ቢለኝ» ብሎ ሳቀ። ሥላሴ ጋ እስክንደርስ ሳቀ። ቤቴ ሲያወርደኝ ወደ ፊት እያየ «ከዘጉት አንድ ሳምንት እታገላለሁ፤ ወላሂ እታገላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከጀማል ጎን ቦታ አስቆፍሩልኝ» አለ።

አብሽር አልኩት።

ዛሬ መጻፍ የሞከርኩት፦ አንድ መስመር። የሰረዝኩት፦ አንድ መስመር።

ረቡዕ

ጎብዬ ወርጄ ነበር። ከኔ ሌላ እውነቱን የሚናገር አንድ ቤተሰብ ባገኝ ብዬ።

አያ ይመርን ማሽላው ውስጥ፣ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ አገኘሁት። ወፉ ዘንድሮ ብሷል። ሲያየኝ ወረደ።

«ጋዜጠኛው! አንተ ከአስፋልት ወጥተህ አፈር ረገጥህ? ዛሬስ በኅዳር ይዘንባል!»

ሚስቱ እቴ ዘይነባ ጥንቅሽ ቆርጣ ሰጠችኝ። እየላጥኩ የመጣሁበትን ነገር አነሳሁ። የልጃቸውን የአህመድን ስም ስጠራ የአያ ይመር ፊት ተለወጠ።

«ልጄ በወባ ነው የሞተው።»

«አያ ይመር፣ እኔም ወንድሜን ወባ ነው ብያለሁ። ግን እኮ...»

«ግን የለውም። አህመድን ስንቀብር እጄን ይዘህ "አብሽር፣ ወባ ስንቱን ወሰደ" ያልከኝ አንተ አይደለህም? ያን ቀን ገመናዬን ሸፈነልኝ ብዬ መርቄሃለሁ። ዛሬ ልትገልጠው መጣህ?»

ያልኩትን ቃል በቃል ነው ያስታወሰኝ። የጋዜጠኛ መቅረጫ እንኳ እንዲህ አይዝም።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ለጥር ታጭታለች። ወንድሟ በመርፌ ሞተ ከተባለ ማን ደጄን ይረግጣል? አንተ ልጅ የለህም ሐሰን። አይገባህም።»

እውነቱን ነው። ልጅ የለኝም። የነበረኝ ጀማል ነው፤ አባታችን ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እቴ ዘይነባ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ባጃጅ እስኪመጣ አብራኝ ቆመች፤ ስሄድም ቆማ ነበር።

ሐሙስ

አዳራሹ ሞላ። የወረዳ ሰዎች ፊት፣ ሽማግሌዎች መካከል፣ ሴቶች በግራ በኩል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። እንድትመጣ አልነገርኳትም። ጎረቤት ናት ያመጣቻት፤ «ልጅሽ ሊናገር ነው» ብላት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አትቸኩልም። ሰው ሲናገር እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች፤ ሲጨርስ ታነሳዋለች። ብዙ ስብሰባ ዘግቤያለሁ፣ እንዲህ የሚሰማ ባለሥልጣን ጥቂት ነው ያየሁት።

መዝገቡን እያገላበጠች ጠየቀች። «አንድ ነገር አልገባኝም። እዚህ ወባ የሚገድለው ወጣት ወንዶችን ብቻ ነው። ሴት የለችበትም፤ ሕፃን የለበትም። የናንተ ወባ ይመርጣል ማለት ነው?»

ሰው የቀበርነው እርስ በርስ ተያየን።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተነሳ። ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ከልቡ ነው የተናገረው። «ክብርት ሰብሳቢ፣ በዚህ ወቅት ወጣቱ ማሽላ ሲጠብቅ ውጭ ያድራል። ሴትና ሕፃን ቤት ነው። ቢንቢዋ የምታገኘው ወጣቱን ነው።»

መልሱ ቆንጆ ነበር። ጋዜጣ ላይ ባነበው አምነው ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «ልክ ነው፣ ማማ ላይ ነው የሚነክሰን» አለ። ልጁን የቀበረ ሰው ነው።

ሰብሳቢዋ ወደ ሲስተር ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሲስተር ቆመች። «የታማሚ ምስጢር ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አልናገርም» አለች። ሰብሳቢዋ ጠበቀች። ቤተሰብ ከተቀመጠበት አንድ ሰው እንዲነሳ የጠበቀች መሰለኝ። ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልነሳ ነበር። ዞር ስል እናቴ እያየችኝ ነው፤ ፊቷ በርቷል፣ ልጄ ሊናገር ነው እያለች።

አልተነሳሁም።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ባለሙያው ሲያነብ የሰማሁት፦ አጎበር ይላክ፤ የቤት ለቤት ርጭት ይጠናከር፤ የስድስት ቁጥር አስፈላጊነት በመረጃ አልተደገፈም።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ በጤና ጣቢያው በኩል አለፍኩ። ስድስት ቁጥር ተቆልፏል። የኮሚቴውን ሪፖርት ማንም አልጠበቀም፤ ኃላፊው ለሚመጣው አጎበር መጋዘን ይሁን ብሎ ጠዋት አስለቅቆታል። ቢጫው ሣጥን ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ሲስተር ለኡስማንና ለሌሎቹ የጥቂት ቀን ኪኒን አስቀድማ ሰጥታለች። «ሥርዓቱ አይፈቅድም» አለችኝ። «ብዙ ነገር ሥርዓቱ አይፈቅድም ነበር።»

እውነቱን ልጽፍ መቁረጤን፣ መዝገቡ ከተስተካከለም መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች ነገርኳት። የሙያ ፈቃዷንም ልትነጠቅ ትችላለች።

«አውቃለሁ። በእጄ የጻፍኩት ነው። እኔ ስለ ራሴ እመልሳለሁ። እርስዎ ብቻ ለኔ ብለው እንዳያለሰልሱት።»

ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ መርፌውን፣ ክንዱን፣ ወባ በይው ያልኩትን። ዜና የማነብላት ይመስል ነበር።

መልቀሙን አላቆመችም። «ክንዱን አይቼው ነበር» አለች። «ልቤ አውቆ ነበር። አንተ ወባ ስትል ግን፣ የተማረ ነው፣ እሱ ያውቃል ብዬ አመንኩህ።»

«እማ...»

«ወባ ብዬ አልቅሼለታለሁ። አሁን እንደ አዲስ ምን ብዬ ላልቅስ?»

ሰፌዱን ይዛ ገባች። እስካሁን አላናገረችኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ዜና። «ወንድሜ ጀማል የሞተው በወባ አይደለም። ለሕመም የተጀመረለትን መርፌ መተው አቅቶት፣ በመርፌ ሞተ። ነርሷ ወባ ብላ እንድትጽፍ የጠየቅኋት እኔ ነኝ።» ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ኮሚቴው በዋጃ ሌላ ጤና ጣቢያ እንደሚያይ ሰምቻለሁ። ኡስማን ወሰደኝ። ላብ ያጠምቀዋል። ኪኒኑን ውጧል፤ ያላበው ነገን ፈርቶ ነው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ እኔም አለሁ?»

«የለህም።»

«ጻፈኝ። ስሜን ተወውና ጻፈኝ። በሕይወት ያለ አንድ ሰው ይኑርበት እንጂ ሙት ብቻ!»

ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመው። ጉልበቴ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። «ባለ አራት እግር ሰው ነኝ በል» አለ። «ሦስቱ የባጃጅ ጎማ፣ አንዱ ደህናው እግሬ።» እሱን አልጻፍኩም። መጻፍ ነበረብኝ።

ዋጃ ላይ ሰብሳቢዋን መኪና ሳትገባ ደረስኩባት። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«አዝናለሁ፣ ለወንድምዎ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ፦ «እንዲህ ያለ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ግን በጥርጣሬ አልጽፍም። ይህን ወረቀት አያይዘዋለሁ። አንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ግን የአንድ ቤት ሐዘን ነው ብለው ያልፉታል። ሁለተኛ ቤተሰብ ቀርቦ መዝገቡን በፊርማው ካስተካከለ፣ ክፍሉ ተከፍቶ እንደ ገና ይጣራ ብዬ አስገባለሁ። ሪፖርቱ ማክሰኞ ይዘጋል።»

«የነርሷስ ነገር?»

«ትጠየቃለች» አለች። አላለሰለሰችውም። «ለምን እንደ ጻፈችውም ይጠየቃል።»

ስመለስ ሌሎች ሁለት ቤት አንኳኳሁ። አንዱ አልከፈተም። ሌላኛው ከፍቶ፣ ውኃ ሰጥቶኝ፣ ስለ ወባ አጫወተኝ።

እሑድ

እናቴ ዛሬ ተናገረች። ጠዋት፣ ከሰላት ቦታዋ ሳትነሳ።

«ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ምን ብሎ ነበር ዱዓ ያደረገው?»

«ለጀማል ነዋ እማ።»

«ለወባ ነው። ወባን አጥፋልን ሲሉ ነበር፤ እኔም አሜን ስል። ልጄ ለሞተበት ነገር ዱዓ አልተደረገለትም። ማንም በሱ ነገር ጀሊሉን አልለመነለትም።»

ነገ ሰደቃ አወጣለሁ አለች። ፍየሏ ትታረዳለች። ሰው ሲሰበሰብ ራሷ ትናገራለች፤ ከዚያ እንደ ገና ዱዓ ይደረጋል።

«ሰው ባይመጣስ?» አልኳት።

«ካልመጣ ኡስማንን እናበላዋለን። ከስቷል።»

ጎረቤቶችን ዞሬ ጠራሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝን ሁሉ ነገርኩ። «ኢንሻአላህ» አሉኝ። እንዴት እንዳሉት ልብ አልኩ፤ አንዳንዱ ኢንሻአላህ እሺ ነው፣ አንዳንዱ እምቢ ነው። ጎብዬም ላክሁ።

ሰኞ

የመጣው ሰው አዳራሹን ከሞላው ያንሳል፤ ከፈራሁት ይበልጣል። ሐሙስ «ማማ ላይ ነው የሚነክሰን» ያለው ሽማግሌ መጥቷል። ያች እናቴን አዳራሽ የወሰደች ጎረቤት አልመጣችም። ሲስተር መሠረት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ልጣለች። ኃላፊው ስለ መዝገቡ ደብዳቤ ሰጥቷታል፤ ረቡዕ ወረዳ ትቀርባለች።

ሼሁ ከመጀመራቸው በፊት እናቴ ከተቀመጠችበት ተናገረች። መቆም አቅቷት ይሁን አላውቅም።

«ልጄ በወባ አልሞተም። መርፌ ነው የገደለው። አላወቅሁም ብል ዋሸሁ። አሁን ለሱ፣ እንደሱ ሆነው ላለቁት፣ በሕይወት ላሉትም ዱዓ አድርጉልኝ።»

ማንም ወባ ክፉ ነው አላለም። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፤ የጀማልን ስም ጠርተው ሱስ የያዘውን ሁሉ ፈውስ አሉ። አሜን ሲባል ኡስማን በር አጠገብ ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ ያለቅሳል። ስምንት ወር ሙሉ ለወንድሜ አላለቀስኩም ነበር። ዛሬ አለቀስኩ።

አያ ይመር አልመጣም። ሥጋው ሲታደል እቴ ዘይነባ ገባች፤ ከጎብዬ ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ዱዓው አምልጧታል። እናቴ ጎን ተቀመጠች። እናቴ የተናገረችውን ሴቶቹ በሹክሹክታ ነገሯት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። እናቴ እጇን ያዘቻት፤ እስክትነሳ አልለቀቀቻትም።

ስትወጣ በር ላይ ደረስኩባት። ባጃጅ ልጥራልሽ አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ። ሻሿን አስተካከለች፤ ሲስተርን በዓይኗ ፈለገች፣ ሽንኩርቱ ዘንድ አገኘቻት።

«ያ መዝገብ» አለችኝ። «ለማስተካከል የግድ አባት ነው ወይ የሚፈርመው?»

«እናትም ትችላለች» አልኳት።

«መጻፍ አልችልም እኮ።»

«በጣትሽ ይሆናል።»

ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ ሲስተር ሄደች፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ የሆነ ነገር ስትጠይቃት አየሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሪፖርቱ ነገ ይዘጋል፤ ጤና ጣቢያው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አሥር ሊሆን ነው።